ሲዲ4011 በሁለት ድንጋይ፦ ቀትር ላይ ይሠራል፣ ጠዋት አይነሳም

ዘጌ_ችግኝ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ዘጌ ላለ የቡና ችግኝ ጣቢያ የሮቶ ማስጠንቀቂያ ነው። ውሃው ሲጎድል ፍሎት ስዊቹ (ተንሳፋፊው ማብሪያ) ይገናኝና ሲዲ4011 (አራት የሎጂክ ጌት ያለው ቺፕ) ባዘሩን (ድምፅ ማሰሚያውን) እያቋረጠ ያስጮኸዋል። ኃይሉ ሁለት የእጅ ባትሪ ድንጋይ ነው፤ አሁን በቴስተር 2.6 ቮልት ይነበባል። ቀትር ላይ ደህና ይጮኻል፣ ጠዋት ግን ጭራሽ አይነሳም። ዳታሺቱ (የአምራቹ መግለጫ) ከ3 ቮልት በታች አይፈቅድም። ቺፑ ይጎዳል? ሳጥኑ ሦስተኛ ድንጋይ አይችልም።

ሰርኪት_ባሕርዳር፦
ወንድሜ፣ ቮልት ስላነሰ ቺፕ አይቃጠልም። ግን ውስጡ ያሉት ትራንዚስተሮች የሚከፈቱበት የቮልት ገደብ አለ፤ ሲዲ4011 ባለበት በ4000 የቺፕ ቤተሰብ ይህ ገደብ ከፍ ያለ ስለሆነ በ2.6 ቮልት አፋፍ ላይ ነው የቆመው። ሲበርድ ገደቡ በአንድ ዲግሪ 2 ሚሊ ቮልት ገደማ ይጨምራል፣ ድንጋዩም ይደክማል። ሐይቁ ዳር ማለዳ ዝም የሚለው ለዚህ ነው።

በሲዲ4011 ፈንታ ያንኑ ሥራ የሚሠራውን ቺፕ 74ኤችሲ00 ግዛ፤ ከ2 እስከ 6 ቮልት ይሠራል። «ኤችሲቲ» የሚል ከሰጡህ መልስ፣ እሱ 4.5 ቮልት ይፈልጋል። ደግሞ በሲዲ4011 ሶኬት ላይ እንዳትሰካው! በሲዲ4011 ሁለተኛው ጌት በእግር 5 እና በ6 ገብቶ በ4 ይወጣል፣ በ74ኤችሲ00 ግን በ4 እና በ5 ገብቶ በ6። ሦስተኛው በሲዲው 8 እና 9 ወደ 10 ነው፣ በኤችሲው 9 እና 10 ወደ 8። የቀሩት እግሮች አንድ ናቸው። ያልተጠቀምክባቸውን ኢንፑቶች (መግቢያ እግሮች) ከእግር 7 (ከነጌቲቩ) ጋር እሰራቸው፤ ተንጠልጥለው ከቀሩ ድንጋዩን በከንቱ ይበሉታል።

ባዘሩን ቺፑን በቀጥታ አታስጎትተው። በ2 ቮልት ዳታሺቱ ዋስትና የሚሰጠው ለ20 ማይክሮ አምፔር ብቻ ነው። ቢሲ547 ትራንዚስተር በ2.2 ኪሎ ኦም የቤዝ ሬዚስተር አስገባ። 2ኤን7000 የሚባለው ትራንዚስተር እስከ 3 ቮልት ካላገኘ ላይከፈት ስለሚችል እዚህ አይሆንም።

ጣና_ዳር፦
ምቱን የሚወስኑት 1 ሜጋ ኦም ሬዚስተርና 470 ናኖ ፋራድ ካፓሲተር ከሆኑ በሴኮንድ አንዴ ገደማ ይጮኻል። ፖዘቲቭና ነጌቲቭ ያለው ካፓሲተር እዚያ አይገባም። በሜጋ ኦም ስትሠራ የሐይቁ እርጥበት ራሱ እንደ ሬዚስተር ይሆንብሃል፤ ከብየዳው የተረፈውን ፍላክስ በአልኮል እጠብ፣ ሲደርቅ ቀለም የሌለው የጥፍር ቀለም ቀባው። በእግር 14 (በፖዘቲቩ) እና በ7 መካከል 100 ናኖ ፋራድ ካፓሲተር አትርሳ።

ዘጌ_ችግኝ፦
ተባረኩ። አንድ ያልገለጽኩት አለ፦ የፓምፑ አርዱይኖ (መቆጣጠሪያ ቦርድ) በ5 ቮልት አንዱን ኢንፑት ይነዳል። ድንጋዮቹን ሳወጣም ባዘሩ አንዳንዴ ይጮኻል።

ሰርኪት_ባሕርዳር፦
ይሄማ ከቅዝቃዜው የባሰ ነው። 5 ቮልቱ በኢንፑቱ መከላከያ ዳዮድ ሾልኮ ወደ እግር 14 ይገባል፣ ቺፑም ከዚያ ይበላል። ድንጋዮቹን አውጥተህ አርዱይኖው ሲያበራ 14 እና 7ን ለካ፤ 4 ቮልት አካባቢ ካየህ እሱ ነው። ድንጋዮቹ ሲገቡ ደግሞ ያው ቮልት እነሱን ሊሞላ ይሞክራል፣ ተራ ድንጋይ ሲሞላ ያፈሳል። ከአርዱይኖው 10 ኪሎ ኦም አምጥተህ ኢንፑቱ ላይ አገናኝ፣ ከዚያው ነጥብ ሌላ 10 ኪሎ ኦም ወደ ግራውንድ። 2.5 ቮልት ይደርሰዋል። ኤችሲ ኢንፑቱን «አንድ» (በርቷል) ብሎ ለማንበብ የኃይሉን 0.7 እጅ ይፈልጋል፣ ይህም በአዲስ ድንጋይ 3.2 ቮልት ቢሆን 2.24 ነው፤ ይበቃል።

ጣና_ዳር፦
ስትፈትሸው ቮልቱን ቀስ እያልክ ብቻ አትቀንስ፤ የተነሳ ኦሲሌተር (ምቱን የሚያመነጨው ክፍል) ከሚነሳበት ዝቅ ብሎም ሊቀጥል ይችላል። ኤልኤም317ን (ቮልት ማስተካከያ ቺፕ) በ240 ኦም ሬዚስተርና በ500 ኦም ፖቴንሽዮሜትር ከ5 ቮልት ቻርጀር ላይ አድርገው፤ በየ0.1 ቮልቱ አጥፍተህ እንደገና አብራ። ቦርዱን ከፍሪጅ እንዳወጣህ ድገመው።