የአባቴ መጋዝ በአንድ ቀን ዛገ፤ ለነገ ጠዋት ድረሱልኝ

የሐይቁ አናጺ (ሐዋሳ)፣ ማታ 1፡40
እባካችሁ ቶሎ መልሱልኝ። የአባቴ የእጅ መጋዝ ትናንት ደህና ነበር፤ ዛሬ ማታ ከግድግዳው ባወርደው ከጫፍ እስከ ጫፍ እንደ በርበሬ ቀልቷል። እጀታው ላይ ንስር የተቀረጸበት የነሐስ ቁልፍ ያለው፣ የጥንት መጋዝ ነው። ሠላሳ ዓመት ዝገት አያውቅም ነበር። የድሮ ብረት አይዝግም ይባል የለም እንዴ? ነገ 2 ሰዓት ላይ የዋንዛ በር ያዘዘ ደንበኛ ይመጣል፤ መብራት ስለጠፋ በማሽን መቁረጥ አልችልም።

ሞረድ
አቼቶ ውስጥ ዘፍዝፈህ አሳድረው። ጠዋት በሽቦ ብሩሽ ፈግፍገው።

ሳቂታው
እንደ በርበሬ ከቀላ ባለቤትህ እንዳታየው፤ ወጥ ውስጥ ትጨምረዋለች።

መምህር በጡረታ
ልጄ፣ መጀመሪያ የያዝከውን እወቅ። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1740ዎቹ ቤንጃሚን ሃንትስማን የተባለ እንግሊዛዊ ሰዓት ሠሪ፣ ለሰዓቶቹ የሚሆን ጥሩ ሞላ ቢያጣ ብረትን በሸክላ ማቅለጫ ማቅለጥ ጀመረ። ሼፊልድ በዚያ ብረት ስሟ ገነነ። በኋላም ሄንሪ ዲስተን ከእንግሊዝ ወደ አሜሪካ ተሻግሮ በ1840 ፊላደልፊያ ውስጥ የመጋዝ ሥራ ከፈተ፤ በ1855 ደግሞ የራሱን ብረት ማቅለጥ ያዘ። ብረቱ ሲቀልጥ ቆሻሻው ወደ ላይ ይንሳፈፋል፤ ከሥር የሚቀረው ከዳር እስከ ዳር አንድ ዓይነት ነው። መጋዝህን አጉብጠህ ስትለቀው ቀጥ የሚለው ለዚህ ነው። የማይዝገውም ለዚህ ነው።

የሐይቁ አናጺ
ጋሼ፣ ዛገ እኮ!

ሞረድ
አቼቶ አልኩህ።

ብረት ሠሪው (አዳማ)
መምህር፣ ታሪኩን በደንብ ነግረውናል፤ መደምደሚያው ግን ልክ አይደለም። ብረትን ከዝገት የሚጠብቀው ክሮምየም ነው፤ የማይዝግ የሚባለው ብረት ቢያንስ 10.5 በመቶ ያህል አለው። የድሮ መጋዝ ግን ከመቶ አንድ ገደማ ካርቦን ያለው ብረት ነው፤ ውሃ ካገኘው እንደማንኛውም ብረት ይዝጋል። ሠላሳ ዓመት ያቆየው ሌላ ነገር ነው። ፊቱ በፋብሪካ ተስሎ ስለለሰለሰ ውሃ የሚቋጥርበት ጉድጓድ የለውም፤ ከላይ ጠቆር ያለ ስስ ቆዳ አውጥቷል፤ አባትህም በዘይት ያብሱት ነበር ብዬ እገምታለሁ። ደግሞ የዛጉት መጋዞች ድሮ ተጥለዋል፤ ዛሬ የምናየው የተረፉትን ብቻ ነው።

የሐይቁ አናጺ
አዎ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ በዘይት ጨርቅ ያብሰው ነበር። እኔ ግን ትምህርት አልጠየቅሁም፤ ነገ መቁረጥ አለብኝ!

ከፒያሳ
የሐይቁ ጨው ነው። ሐዋሳ ብረት አይበረክትም።

ብረት ሠሪው (አዳማ)
የሐዋሳ ሐይቅ ውሃ ጨዋማ አይደለም። ክረምቱንና እርጥበቱን ብትል እስማማለሁ።

እትዬ ዕቃ መሸጫ
ወንድሜ፣ በአንድ ቀን እንዲህ የሚቀላ መጋዝ አንድ ነገር ነክቶታል። ማን አጠበው?

የሐይቁ አናጺ
ተለማማጁ ልጅ ዛሬ ጠዋት ሙጫውን ላስለቅቅ ብሎ በበረኪና አጥቦ ሳያደርቅ ሰቅሎታል። ሙጫው ለቋል። ይህ ምን ያገናኘዋል?

እትዬ ዕቃ መሸጫ
ሁሉም ነገር እሱ ነው! በረኪና ያንን ቆዳ በልቶ ብረቱን ራቁቱን አስቀርቶታል። አደራ፣ አቼቶውን አታስነካው! በረኪና ከአቼቶ ጋር ሲገናኝ የሚወጣው ጋዝ ክሎሪን ነው፤ ዓይንና ሳንባ ያቃጥላል፤ በተዘጋ ክፍል ደግሞ የባሰ ነው።
መጀመሪያ እጀታውን ፍታ፤ በረኪናው ብረቱ በሚገባበት ስንጥቅ ውስጥ ተደብቆ ይቆያል። በብዙ ውሃ አለቅልቀው፣ ወዲያው በደረቅ ጨርቅ አድርቀው። ከዚያ ነጭ ጋዝ ቀባው፤ ስስ የብርጭቆ ወረቀት በጠፍጣፋ እንጨት ላይ ጠቅልለህ ከእጀታው ወደ ጫፉ በርዝመቱ ግፋ። ነጭ ጋዝ በሻማ ይያዛል፤ መብራት የለም ብለህ አጠገብህ እንዳታበራ። ጥርሱ ላይ ከመጣህ ወረቀቱን አንሳ። ቡናማው ጭቃ በጨርቅ ሲጠረግ ደግመህ ቀባ። ትንሽ ነጠብጣብ ቢቀር ተወው፤ መቁረጡን አይከለክለውም። በመጨረሻም ስስ የማሽን ዘይት፤ የምግብ ዘይት አይሁን፣ ሲደርቅ ይጣበቃል። ነገ ስትቆርጥ ዘይቱ ዋንዛውን እንዳያበላሽ ጠርገህ ሁለቱን ፊት ሻማ አሻሸው።

ሞረድ
አቼቶ ለእኔ ሁልጊዜ ሠርቶልኛል።

ብረት ሠሪው (አዳማ)
ሌሊቱን ሙሉ ዘፍዝፈህ ጥርሱን አይተኸው ታውቃለህ? ጫፍ ጫፉን ይበላዋል። በሞተር ብሩሽ ደግሞ እንዳትሞክረው፤ ከጋለ ብረቱ ይለሰልስና እንደ ቆርቆሮ ይታጠፋል።

ሳቂታው
ተለማማጁስ ተርፏል?

መምህር በጡረታ
ስለ ክሮምየም የተባለውን ተቀብያለሁ። ልጁን ግን አትቆጣው፤ ዘይቱን ማን አሳየው?

ከፒያሳ (በማግስቱ፣ 5 ሰዓት)
በሩ ተቆረጠ ወይስ አልተቆረጠም?

አዲስ አባል
እኔም ተመሳሳይ ችግር አለብኝ፤ የእኔ ግን መጥረቢያ ነው። አቼቶ ይሆናል?