የዊንዶውስ ፓርቲሽን ላይ ያሉ የስቲም ጌሞች በሊኑክስ አልነሳ አሉኝ

ከሁለት ወር በፊት ላፕቶፔ ላይ ዊንዶውስን ሳላጠፋ ከጎኑ ሊኑክስ ሚንት 22ን ጫንኩ። የዕለት ሥራዬ ተሟልቷል፤ ደብዳቤና ሰንጠረዥ በሊብሬኦፊስ እሠራለሁ፣ አማርኛም ያለችግር እጽፋለሁ፤ በዚህ ከልብ ደስ ብሎኛል። የተቸገርኩት በጌም ነው። በዊንዶውስ ሳለሁ ያወረድኳቸው 140 ጊጋባይት የሚሆኑ ጌሞች በኤንቲኤፍኤስ (NTFS፣ የዊንዶውስ የፋይል ሥርዓት) ፓርቲሽን ወይም የዲስክ ክፍል ላይ ስለሚገኙ፣ በሞባይል ዳታ እንደገና ላለማውረድ ያንኑ ፎልደር ጌም ለሚያወርደውና ለሚያስጀምረው ፕሮግራም ለስቲም አሳየሁት። ስቲም ጌሞቹን ያውቃቸዋል፤ ነገር ግን ማስጀመሪያውን ስጫን አረንጓዴው ቁልፍ ለአምስት ሰከንድ ያህል ሰማያዊ ይሆንና ምንም መስኮት ሳይከፈት ወደ አረንጓዴ ይመለሳል። ኤክስት4 (ext4፣ የሊኑክስ የፋይል ሥርዓት) ፓርቲሽን ላይ የጫንኩት ትንሽ ጌም ግን የዊንዶውስ ጌሞችን በሊኑክስ በሚያስኬደው የስቲም መሣሪያ በፕሮቶን በሚገባ ስለሚሠራ፣ ችግሩ የግራፊክስ ሾፌር ነው ብዬ አላምንም። የዊንዶውስን ፈጣን ማስነሻ (Fast Startup) አጥፍቻለሁ፤ የኤንቲኤፍኤሱ ፓርቲሽንም በእኔ ባለቤትነት እንዲከፈት፣ ሊኑክስ ፓርቲሽኖችን እንዴት እንደሚከፍት በሚወስነው ኤፍስታብ (fstab) ፋይል ውስጥ ጽፌያለሁ፤ ለውጥ የለም። ፕሮቶን ለየጌሙ የሚፈጥረው የኮምፓትዳታ (compatdata) ፎልደር በስማቸው «:» ያለባቸውን አገናኞች (ወደ ሌላ ፎልደር የሚጠቁሙ ፋይሎች) ስለሚይዝ ከኤንቲኤፍኤስ ጋር እንደማይስማማ ተረድቻለሁ። ጌሞቹን ባሉበት ትቼ ይህን ፎልደር ብቻ ወደ ኤክስት4 ፓርቲሽን ለማዛወር ትክክለኛው አካሄድ የትኛው ነው?