ጥቆማ፦ ባሕርም ተራራም ያለው ደሴት የት እንሂድ? በማን በኩል? ጫማውስ ጎንደር ይገኛል?

ማራኪ_ሰፈር፦
ሰላም ጎንደሬዎች፣ እንዴት ሰነበታችሁ። እኔና ታናሽ እህቴ በሚመጣው ክረምት፣ ትምህርት ቤት ሲዘጋ፣ ወደ አንድ ሞቃት ደሴት ለመሄድ ገንዘብ እያጠራቀምን ነው። ሆቴል ውስጥ ተኝቶ መዋል አንፈልግም፤ ጠዋት ተራራ ወጥተን ከሰዓት ባሕር የምንገባበት ቦታ ነው የምንሻው። ሰሜን ተራሮችን ከሳንቃበር እስከ ግጭ በእግር ሄደናል፣ መንገድ አይከብደንም። ዋና ግን ብዙም አንችልም። እባካችሁ ሦስት ነገር ጠቁሙን። ዛንዚባር ይሻላል ወይስ ሲሼልስ? ፓኬጁን እዚህ ካለ ወኪል እንግዛ ወይስ ራሳችን እንያዘው? ለተራራ የሚሆን ደህና ጫማስ ከተማችን ውስጥ የት አለ?

አዘዞ_ልጅ፦
ዛንዚባር! ምን ጥያቄ አለው? ነጭ አሸዋ፣ ሰው አክባሪ ሕዝብ፣ ዓሣው በቅመም ያበደ። ኑንግዊ ብላችሁ ጠይቁ፣ በቃ። ከአዲስ አበባ በአየር መንገዳችን ትገባላችሁ።

ነጭ_ጋቢ፦
እህቴ፣ ደሴቱን ከመምረጥሽ በፊት ወኪሉን ምረጪ። እኔ እዚሁ ከተማችን ካለ አንድ ቢሮ የዛንዚባር ፓኬጅ ገዛሁ፤ ስሙን አልጠራም። ወረቀቱ «ባሕሩ ላይ ያለ ሆቴል፣ ከአውሮፕላን ማረፊያ ተቀባይ፣ የደን ጉብኝት ከነአስጎብኚው» ይላል። ስንደርስ የተቀበለን ሰው የለም። ልጆቹ እንቅልፍ እያዳፋቸው ታክሲ ስንለምን መሸ። ሆቴሉ ደግሞ ባሕሩ ላይ ሳይሆን ከዋናው መንገድ ማዶ ነው፤ ከሰገነቱ የሚታየው የጎረቤት የውሃ ታንከር ነው። በማግሥቱ ማለዳ ልጆቹን ይዤ ስወርድ ባሕሩ ራሱ የለም! ውሃው ሸሽቶ ዓይን እስከሚደርስበት ድረስ እርጥብ አሸዋ ሆኗል፤ ሴቶች ጎንበስ ብለው ትንንሽ ችካል ላይ የታሰረ የባሕር አረም ይለቅማሉ። ወኪሉ ዘንድ ብደውል ስልክ አይነሳም። ስመለስ «ጥፋቱ የሆቴሉ ነው» አሉኝ፤ ሆቴሉ ደግሞ «የተከፈለን በዚህ ክፍል ልክ ነው» አለ። ደረሰኝ ብዬ ስጠይቅ በእጅ የተሞነጫጨረ ብጣሽ ወረቀት ሰጡኝ። ልፋቴን ተዉት፣ ገንዘቤ እስከ ዛሬ አልተመለሰም።

ፒያሳ_ቡና፦
ስሙን ጥራው እንጂ! ሌላው ሰው እንዳይበላ።

ነጭ_ጋቢ፦
ጉዳዩ በሽማግሌ ተይዟል ወንድሜ። ሲያልቅ እናያለን።

ፒያሳ_ቡና፦
ሽማግሌ! ማስረጃ ይዘህ ንግድ ቢሮ ሂድ እንጂ። እኔ በፍሪጅ ጉዳይ...

አራዳ_ነኝ፦
ኧረ ሁሉንም ወኪል በጅምላ አትፈርጁ። እኔ የምሄድበት ልጅ ወርቅ ነው። ለእናቴ የኢየሩሳሌም ጉዞ ሲያዘጋጅ እኩለ ሌሊት ደውዬ እንኳ አንስቷል። ሌላ ቦታ አትሂዱ፣ እሱ ጋ ሂዱ።

ፒያሳ_ቡና፦
ደሴት ልኮ ያውቃል?

አራዳ_ነኝ፦
ደሴት አልላከም። ግን ታማኝ ነው። ታማኝ ሰው ምንም ቢሰጡት ያውቅበታል።

ቀሃ_ማዶ፦
እግዜር ይስጣችሁ። ልጅቷ ስለ ባሕርና ተራራ ጠየቀች፣ እናንተ የደረሰኝ ጉባኤ ተቀመጣችሁ። አሁን በነጭ ጋቢ ብጣሽ ወረቀት ላይ ትዋኝ?

ነጭ_ጋቢ፦
የተበላ ያውቀዋል ወንድም። ወረቀት ይዘሽ ሂጂ ማለቴ ነው፣ ክፉ አላልኩም።

ባለ_ካርታ፦
ወደ ጥያቄው ልመለስ፤ እነዚህን ደሴቶች በሥራ ምክንያት አውቃቸዋለሁ።

ማራኪ፣ ተራራ ካላችሁ ዛንዚባርን ተዉት። ደሴቱ ዝርግ ነው፤ ከፍተኛው ቦታ ከባሕር ወለል 150 ሜትር እንኳ አይሞላም። በእግር የሚታየው የጆዛኒ ደን ነው፤ ቀይ ኮሎበስ የሚባለውን ጦጣ በቅርብ ታያላችሁ፣ መንገዱ ግን ሽርሽር እንጂ ተራራ አይደለም። ነጭ ጋቢ ያየው የባሕሩ መሸሽ ደግሞ የሆቴሉም የወኪሉም ጥፋት አይደለም። ባሕሩ በቀን ሁለት ጊዜ ይሞላል፣ ሁለት ጊዜ ይጎድላል። ምሥራቁ ዳርቻ፣ ፓጄና ጃምቢያኒ በሚባሉት በኩል፣ ውሃው ጥልቀት ስለሌለው ሲጎድል በጣም ርቆ ይሸሻል። ሰሜን ጫፍ ላይ ኑንግዊና ኬንድዋ ይሄ ችግር ብዙም የለም። ሆቴል ከመያዛችሁ በፊት የቀኑን የሙላትና የጉድለት ሰዓት ፈልጉ፤ ኢንተርኔት ላይ በነፃ ይገኛል። ሲጎድል ለመራመድ ደግሞ የላስቲክ ጫማ አድርጉ፤ ድንጋዩ ሥር እሾሃም የባሕር ፍጥረት አለ፣ እግር ውስጥ ተሰብሮ ይቀራል። ሌላም አለ፤ ከፈረንጆቹ ኦክቶበር 2024 ጀምሮ ዛንዚባር የሚገባ የውጭ አገር ጎብኚ ሁሉ እዚያው የሚሸጠውን የ44 ዶላር ኢንሹራንስ መግዛት ግዴታው ነው። ወኪል «ፓኬጁ ውስጥ ሁሉም አለ» ሲላችሁ ይሄ አለበት ወይ ብላችሁ ጠይቁ።

ሲሼልስ ያላችሁት ጥሩ ነው። ዋናው ደሴት ማሄ የግራናይት ተራራ ነው፤ ሞርን ሲሼልዋ 905 ሜትር ይደርሳል። ለእናንተ የምመርጠው ግን ኮፖሊያን ነው። ወደ 500 ሜትር ገደማ ከፍታ ያለው ሰፊ ገላጣ ድንጋይ ላይ ያወጣችኋል፣ ከዚያ ከተማውና ትንንሾቹ ደሴቶች ከሥራችሁ ይዘረጋሉ። ጫፉ ላይ ነፍሳት የሚበላ ተክል አለ፤ ቅጠሉ ጫፍ ላይ ክዳን ያላት ትንሽ ማሰሮ ተንጠልጥላለች፣ ውስጧ ውሃ፣ ውሃው ውስጥ የሰመጠች ዝንብ። ጎንበስ ብላችሁ እዩት፣ እጅ ግን አታስገቡ። ሌላው አንስ ማዦር የሚባለው መንገድ ነው፤ የባሕሩን ዳርቻ ይዞ ሄዶ መኪና የማይገባበት አሸዋ ላይ ያደርሳል። ጠዋት ተራራ ከሰዓት ባሕር ያልሽው ይሄው ነው።

ከማሄ በጀልባ ፕራላን፣ ከዚያ ላ ዲግ መሻገር ይቻላል። ፕራላን ላይ በፈረንጆቹ 1983 በዓለም ቅርስነት የተመዘገበው የቫሌ ደ ሜ ደን አለ፤ ከዕፅዋት ሁሉ ትልቁን ዘር የሚያፈራው ዘንባባ እዚያ ይበቅላል። ላ ዲግ መኪና የለበትም ማለት ይቻላል፣ በኪራይ ብስክሌት ትዞራላችሁ። ድንኳን ይዛችሁ እንዳትሄዱ ግን፤ ሲሼልስ ውስጥ ካምፕ ማድረግ የተከለከለ ነው። ለኢትዮጵያዊ ቪዛ አይጠይቅም፤ ሆኖም ከመሳፈራችሁ በፊት በኢንተርኔት የጉዞ ፈቃድ መሙላት፣ የመመለሻ ትኬትና የተያዘ ማረፊያ ማሳየት ግድ ነው። ዋጋው ግን ጨካኝ ነው። በሕዝብ አውቶቡስ ከሄዳችሁና ኩሽና ያለው የእንግዳ ማረፊያ ከያዛችሁ ይቀላል።

የሚያሳስበኝ ወሩ ነው። ሐምሌና ነሐሴ ላይ ሲሼልስን የደቡብ ምሥራቅ ነፋስ ይመታዋል፤ በዚያ በኩል ያሉት ዳርቻዎች፣ በተለይ የላ ዲግ ግራንድ አንስ፣ ወደ ውስጥ የሚስብ አደገኛ ሞገድ አላቸው። ዋና የማይችል ሰው ወገቡ ድረስ እንኳ መግባት የለበትም። በዚያ ወቅት የማሄን ሰሜን ምዕራብ፣ ቦ ቫሎንን ያዙ።

ማንም ያላነሳው ሦስተኛ ደግሞ አለ፤ ኮሞሮስ። ክረምታችን ለእነሱ ደረቅ ወቅት ነው። ካርታላ 2,361 ሜትር የሚደርስ፣ እሳቱ ያልሞተ ተራራ ነው፤ በፈረንጆቹ 2005 እና 2007 ላይ ፈንድቷል። ብዙ ሰው አንድ ሌሊት አድሮበት ነው የሚወጣው። ውሃ ተሸክማችሁ፣ የአገሩን መሪ ይዛችሁ ብቻ። ቪዛ እዚያው ስትደርሱ ይሰጣል። እንደ ሲሼልስ የተደላደለ አይደለም፣ ሕዝቡም ሙስሊም ስለሆነ ከባሕር ዳር ውጭ አለባበስ ይጠበቃል። ለደፋር ግን እኔ እሱን እመርጣለሁ።

ጎርጎራ_ወዳጅ፦
ደሴት ፍለጋ ባሕር ማዶ! ጣና ላይ ደቅ የሚያህል ደሴት እያለ፣ ገዳሙ፣ ታንኳው፣ ትኩስ ዓሣው እያለ? መንገድ ሰላም ሲሆን ጎርጎራ ውረዱ፣ ከሰሜን ተራሮች ጋር አያይዙት። ራስ ዳሸንን የሚያህል ተራራ ከጠራችኋቸው ደሴቶች የትኛው አለው?

ሲስተር_ነኝ፦
ደቅ ውብ ነው፣ ጣና ውስጥ መዋኘት ግን ቢልሃርዚያ ያመጣል። ማራኪ፣ የቢጫ ወባ ክትባት ካርድ ሳትይዙ እንዳትነሱ፤ ከኢትዮጵያ ለሚሄድ ሰው ዛንዚባርም ሲሼልስም ይጠየቃል። ከጉዞው ቢያንስ 10 ቀን ቀድማችሁ ተከተቡ፣ ከዚያ በኋላ ካርዱ ለዕድሜ ልክ ነው። ሲሼልስ ወባ የለም። ኮሞሮስ ግን አለ፤ መከላከያ መድኃኒት ሐኪም አማክራችሁ ያዙ።

ማራኪ_ሰፈር፦
ባለ ካርታ እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ሲስተር አንቺም። ሞገዱን አላሰብነውም ነበር። ጫማውስ? ቅዳሜ ገበያ ሰልባጅ ተራ አንድ ቦቲ አይቼ ልቤ ቀርቷል።

ደባርቅ_በቅሎ፦
ሰልባጅ ቦቲ ስትገዢ ላዩን አትዪ። ሶሉን በሁለት እጅሽ ያዢና እጠፊው፣ ከዚያ መሐል ላይ ያለውን ለስላሳ ክፍል በአውራ ጣትሽ ተጫኚው። ለዓመታት መጋዘን የተቀመጠ ከሆነ ውስጡ አርጅቷል፤ ላዩ አዲስ መስሎ ሁለት ቀን ሲሄዱበት እንደ ደረቅ ዳቦ ይፈረፈራል። እርጥበት ያለበት አገር ደግሞ ያባብሰዋል። ሰሜን ላይ ሶሉን በገመድ አስሮ የሚወርድ ቱሪስት ስንቱን አየሁ።

አራዳ_ነኝ፦
ምን አስጨነቃችሁ? ቅዳሜ ገበያ መግቢያ ላይ የሚቀመጡት አባት አሉ፤ ማስቲሽ ብቻ አይደለም፣ ዙሪያውን በሰም ክር ይሰፉታል። የእሳቸው ስፌት ከጫማው ይበልጣል። የትኛውንም ግዢና እሳቸው ጋ ውሰጂ።

ደባርቅ_በቅሎ፦
የተፈረፈረ ሶል አይሰፋም ወንድሜ። ክሩ የሚይዘው ነገር የለም።

አራዳ_ነኝ፦
እሳቸው ይሰፉታል።

አዘዞ_ልጅ፦
ዛንዚባር ብትሄዱ ኖሮ ነጠላ ጫማ ይበቃችሁ ነበር።

ነጭ_ጋቢ፦
በማንም በኩል ብትሄዱ የሆቴሉን ማረጋገጫ በራሳችሁ ኢሜይል ተቀበሉ። ገንዘብ ከመክፈላችሁ በፊት ሆቴሉ ዘንድ ደውላችሁ «በስማችን የተያዘ ክፍል አለ?» በሉ።

ባለ_ካርታ፦
ይሄኛው ትክክል ነው፤ ከሁሉም በላይ እሱን ያዙ።

ፒያሳ_ቡና፦
አራዳ፣ እኚህ ሰፊ እሑድ ይሠራሉ? የልጄ ጫማ ተቀዷል።

አራዳ_ነኝ፦
ከቅዳሴ በኋላ። ቀደም ብለህ ድረስ፣ ወረፋ አለ።