ሞገዱ አለ፣ ምቱ የለም
ሐዋሳ የፊዚዮሎጂ ተማሪ ነኝ። የእንቁራሪት ልብ በሪንገር ሶሉሽን (ከአካል የወጣ ልብ መምታቱን እንዲቀጥል የሚያደርግ የጨው ውህድ) ውስጥ አስቀምጬ የኤሌክትሪክ ሞገዱንና የመኮማተር ኃይሉን አብሬ እመዘግባለሁ። ሶሉሽኑን ስሠራ በ1 ሊትር ዲስቲልድ ውሃ 6.5 ግራም ሶዲየም ክሎራይድ፣ 0.14 ፖታሲየም ክሎራይድ፣ 0.12 ካልሲየም ክሎራይድና 0.2 ሶዲየም ባይካርቦኔት ሁሉንም ባንዴ እጨምራለሁ።

መጀመሪያ ደህና ይመታል። ቆይቶ ግን ሞገዱ ሳይቋረጥ ምቱ እየደከመ ይጠፋል። ኤሌክትሪኩን ወደ መኮማተር የሚያደርሰው ካልሲየም ነውና እሱን ጠረጠርኩ፤ ጠርሙሱን ሳየው እውነትም ታቹ ነጭ ዝቃጭ አለ። ሁለቴ እንደ አዲስ ሠራሁት፣ ያው ነው። ደህና ልብ እጄ ላይ ሲደክም ማየት ያሳዝነኛል፤ ሌላ እንቁራሪት በከንቱ እንዲሞት አልፈልግም።

ካልሲየሙ ከባይካርቦኔቱ ጋር ተጣብቆ እንዳይዘቅጥ በምን ቅደም ተከተል ልቀላቅላቸው?