የእናቴ ወገብና ጉልበት፦ ከክኒን ሌላ ምን ይደረግ?

ጥያቄ፦ የአራት ኪሎዋ

ሰላም ለሁላችሁ። እናቴ 58 ዓመቷ ነው። ወገቧን ካመማት ከግማሽ ዓመት በላይ ሆኗታል፤ ቀኝ ጉልበቷም ደረጃ ስትወርድ ይነዘንዛታል። ኤምአርአይ ተነስታ «ሁለት ዲስክ (በአከርካሪ አጥንቶች መካከል ያለው ትራስ) ወጥቷል» ከተባለች ወዲህ ጎንበስ ማለት ፈርታለች፤ ቀበቶ አስራ ነው የምትውለው። ዳይክሎፌናክ የሚባለውን የህመም ማስታገሻ 50 ሚሊግራም ጠዋትና ማታ ትወስዳለች፣ ሲብስባት ትወጋለች። ለደም ግፊቷ ኢናላፕሪልና ሃይድሮክሎሮታያዛይድ አላት። እንቅልፏም የተቆራረጠ ነው። ህመምን ሰውነትን በሙሉ አይቶ ማከም የሚባለው በተግባር ምንድን ነው? ከየትስ ይጀመራል?

ፊዚዮቴራፒስት

እህቴ፣ መጀመሪያ አደገኛ ምልክት አለመኖሩ ይጣራ። ሽንት ወይም ሰገራ መቆጣጠር ካቃታቸው፣ በጭናቸው መካከል ከደነዘዛቸው ወይም እግራቸው እየዛለ ከሄደ በዚያው ዕለት ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ። ትኩሳት፣ የሌሊት ላብ ወይም የክብደት መቀነስ ካለ፣ ወይም ህመሙ አንድ ቦታ ላይ ተተክሎ ጋደም ሲሉም አልለቅ ካለ፣ የአከርካሪ ቲቢ መመርመር አለበት። እኛ አገር ይህ የሚታለፍ አይደለም። ጥሬ ወተት የሚጠጡ ከሆነ ብሩሴሎሲስም (ከከብት ወደ ሰው የሚተላለፍ በሽታ) ይታይ።

እነዚህ ከሌሉ የኤምአርአዩ ወረቀት ያን ያህል አያስፈራችሁ። በ2015 የታተመ የብዙ ጥናቶች ግምገማ እንደሚያሳየው፣ ምንም ህመም ከሌላቸው የ50 ዓመት ሰዎች 60 በመቶ ያህሉ ዲስካቸው ወጣ ብሎ ይታያል። ከሦስት ወር ያለፈ ህመም ላይ ነርቮቹ ራሳቸው ቁጡ ስለሚሆኑ ጤነኛ እንቅስቃሴም ያማል። እንቅልፍ ማጣትና ፍርሃት ደግሞ ያባብሱታል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2023 ባወጣው መመሪያ ቀበቶም ሆነ ወገብን በመሳሪያ መጎተት ለእንዲህ ያለው ህመም አይመከርም። ቀበቶውን ቀስ በቀስ ያውልቁት፤ መጀመሪያ ቤት ውስጥ፣ ከዚያ ውጭ ሲወጡ።

እግር ጉዞ ይጀምሩ። ሳይብስባቸው 10 ደቂቃ የሚሄዱ ከሆነ በ8 ደቂቃ ይጀምሩ፤ በቀን ሁለት ጊዜ፣ በየሳምንቱ 2 ደቂቃ እየጨመሩ። ግቡ 30 ደቂቃ በሳምንት አምስት ቀን ነው። ከአራት ኪሎ ወደ ስድስት ኪሎ ያለው መንገድ ይሻላቸዋል፤ ወደ ቀበና ወይም ወደ ራስ መኮንን ድልድይ የሚወርደው ቁልቁለት ለጉልበት ይከብዳል። መስቀል አደባባይ ደረጃ ላይ ከሚሮጡት ጋር ለጊዜው አይሞክሩት።

በየሁለት ቀኑ ሁለት እንቅስቃሴ ይበቃል። አንደኛው ከወንበር መነሳትና መቀመጥ ነው፦ እጅ ደረት ላይ፣ ሲቀመጡ በ3 ሰከንድ ቀስ ብሎ፣ 6 ጊዜ፣ ሁለት ዙር። ጉልበት ካመማቸው ወንበሩ ላይ ትራስ ይጨመር፤ ከፍ ሲል ጫናው ይቀንሳል። ሁለተኛው በጀርባ ተኝቶ ጉልበት አጥፎ መቀመጫን ከመሬት ማንሳት ነው፦ 5 ሰከንድ ይዞ ማውረድ፣ 8 ጊዜ። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳተው ትንፋሹን ይይዛል፣ ወገቡንም ያጎብጣል። ሥራው መቀመጫ ላይ ሊሰማቸው ይገባል። የጭናቸው ጀርባ ከጨበጣቸው ተረከዛቸውን ወደ መቀመጫቸው ያስጠጉ።

ሲሠሩ ትንሽ ቢያምም ችግር የለውም። በማግስቱ ጠዋት ወደ ቀድሞው መጠን ካልተመለሰ ግን መጠኑን በሩብ ቀንሱ እንጂ አታቁሙ። ደህና ቀን ሲመጣ የሳምንቱን ሥራ ሁሉ አንድ ላይ መሥራት፣ ከዚያ ሦስት ቀን መተኛት፣ ህመሙን የሚያቆየው ይኼ ነው። እንጀራ ሲጋግሩም በየ20 ደቂቃው ይረፉ፤ ምጣዱ ጎንበስ የማያሰኝ ከፍታ ላይ ይሁን። የቡናው በርጩማም ከፍ ይበል።

ፋርማሲስት ከፒያሳ

መድኃኒቱ ያሳስበኛል። ዳይክሎፌናክ ከኢናላፕሪልና ከሃይድሮክሎሮታያዛይድ ጋር ለሦስት ሲገናኙ ኩላሊት ላይ የሚሄደውን ደም ይቀንሳሉ። ተቅማጥ ወይም ማስመለስ ያለበት ቀን፣ ውኃ ሳይጠጡ በጾም የዋሉበት ቀን ደግሞ አደጋው ይብሳል። ዳይክሎፌናኩን ያቁሙና በዚህ ሳምንት ሐኪም ዘንድ ክሬቲኒን (የኩላሊትን ሥራ የሚያሳይ የደም ምርመራ) ይመርመሩ፣ ግፊታቸውም ይለካ፤ ዳይክሎፌናክ ግፊትም ይጨምራል። የግፊቱን መድኃኒት ግን በራሳቸው እንዳያቋርጡ።

«መርፌው ጨጓራ አይነካም» የሚባለው ስህተት ነው። መድኃኒቱ ጨጓራን የሚጎዳው በደም ዞሮ የጨጓራን ግድግዳ የሚጠብቀውን ንጥረ ነገር ስለሚቀንስ ነው፤ በመርፌም ቢገባ ያው ነው። ሰገራቸው እንደ ሬንጅ ከጠቆረ ፈጥነው ይታዩ።

ለጉልበቱ የዳይክሎፌናክ ጄል አለ። ወደ ደም የሚገባው መጠን በጣም ትንሽ ነው፤ ቢሆንም ኩላሊታቸው ከታየ በኋላ ሐኪሙን ጠይቃችሁ ጀምሩ። ለወገብ ግን ጡንቻው ወፍራም ስለሆነ ብዙም አይረዳም። ለወገብ ሙቀት ይሻላል፦ የሞቀ ውኃ ኮዳ በፎጣ ተጠቅልሎ 15 ደቂቃ።

እንቅልፍን በተመለከተ፣ የካፌይን ግማሹ ከደም ለመውጣት 5 ሰዓት ገደማ ይፈጅበታል። ስለዚህ የማታው ቡና፣ በረካም ቢሆን፣ ይቅር፤ የመጨረሻው ስኒ ከቀኑ 8 ሰዓት በፊት ይሁን። በጎን ሲተኙ በጉልበቶች መካከል ትራስ ይደረግ። ከመተኛታቸው በፊት 10 ደቂቃ፣ 4 ሰከንድ ወደ ውስጥ፣ 6 ሰከንድ ወደ ውጭ ይተንፍሱ።

የአራት ኪሎዋ

እግዜር ይስጥልን። ዳይክሎፌናኩን ዛሬውኑ አስቆማታለሁ። ጎረቤት ወጌሻ ጋ እንውሰዳት እያሉ ነው። ስግደቱንስ ትተው? እሱ ነው የከበዳት።

ፊዚዮቴራፒስት

ወጌሻው በእጁ ቀለል አድርጎ ቢያሻቸው ጡንቻ ይፈታል። «ዲስኩን ልመልስ» ብሎ መጠምዘዝና ጀርባ ላይ መቆም ግን አይፈቀድ፤ በዕድሜያቸው አጥንታቸው ሳስቶ ሊሆን ይችላል፣ ቲቢውም ገና አልተጣራም።

ስግደቱን አያስቁሟቸው። ለንስሐ አባታቸው ይንገሩ፤ ለታመመ ሰው ቁጥሩን ያቀሉላቸዋል። ለአሁኑ ቆመው ከዳሌ እጥፍ ብለው ይስገዱ፦ ጉልበት በትንሹ ላላ፣ መቀመጫ ወደ ኋላ። 5 ጊዜ ይጀምሩና በየሳምንቱ 2 ይጨምሩ። ወደ መሬት መውረድ ሲጀምሩ ጋቢ አጥፈው ጉልበታቸው ስር ያድርጉ፤ ሲነሱ መጀመሪያ ግራ እግራቸውን ያስቀድሙ፣ በእጃቸውም ወንበር ይያዙ።