ሚዲየም ፎርማት ለሠርግ ሥራ ያዋጣል? ምክራችሁን እሻለሁ

የሙያ አጋሮች፣ እንደምን አላችሁ? ሐዋሳ ውስጥ አነስተኛ የፎቶ ስቱዲዮ አለኝ፤ እንጀራዬ ሠርግና የቤተሰብ ፎቶ ነው። አንድ ሰው ያገለገለ ፉጂፊልም ጂኤፍኤክስ 50ኤስ 2 የተባለ ሚዲየም ፎርማት (ሰንሰሩ ከተለመደው የሚተልቅ) ካሜራ ልሽጥልህ ብሎኝ ልቤ ተሰቅሏል።

ሰንሰሩ፣ ማለትም ብርሃን ተቀብሎ ምስል የሚሠራው ክፍል፣ 43.8 በ32.9 ሚሊ ሜትር ነው፤ በስፋት ከፉል ፍሬም (36 በ24 ሚሊ ሜትር ሰንሰር) 1.7 እጥፍ ገደማ ይሆናል። ስቱዲዮ ውስጥ ሞክሬው ምስሉን ሳጎላው፣ ነጭ ሸማ ላይ ያለው የነጭ ጥልፍ ክር አንድ በአንድ ይቆጠራል። ጥላ ያረፈበት የጠይም ፊት ቀለምም ሳይሻክር ይወጣል። የበስተጀርባ ማደብዘዝን በተመለከተ ያለኝ 85 ሚሊ ሜትር ኤፍ 1.4 ሌንስ ይበቃኛል፤ ለዚያ ብዬ አልገዛውም።

ጭንቀቴ ሌላ ነው። ሙሽሮች ለፎቶ አሞራ ገደል፣ ሐይቁ ዳር ያለው መናፈሻ፣ የሚደርሱት በጠራራ ፀሐይ ነው። ይህ ካሜራ ደግሞ ከፍላሽ ጋር በሙሉ ኃይል የሚጣጣመው እስከ 1/125 ሰከንድ የመዝጊያ ፍጥነት ብቻ ነው፤ በዚያ ፍጥነት የቀትሩ ብርሃን ይበዛብኛል። መዝጊያቸው በውስጣቸው ያለው የሌላው ካሜራ ሠሪ የሃሰልብላድ ኤክስሲዲ ሌንሶች ብዙዎቹ ከፍላሽ ጋር እስከ 1/2000 ይሄዳሉ፤ ዋጋቸው ግን አይነሣ! የጂኤፍኤክሱ አውቶፎከስም በንፅፅር ልኬት ብቻ (ምስሉ እስኪጠራ ሌንሱን ወዲያና ወዲህ እያደረገ) ስለሚሠራ እስክስታ የሚከተል አይመስለኝም።

የደንበኞቼ ትልቁ ትእዛዝ 50 በ70 ሴንቲ ሜትር የግድግዳ ፎቶ ነው። ለዚህ 45 ሜጋፒክስል ፉል ፍሬም አይበቃም ወይ? በሠርግ ላይ የሠራችሁበት ካላችሁ፣ ቀትሩን በምን ተወጣችሁት፤ በኤንዲ ፊልተር (ወደ ሌንሱ የሚገባውን ብርሃን በሚቀንስ መስታወት) ወይስ በሌላ ዘዴ? ሻጩ እስከ ቅዳሜ ብቻ ነው የሚጠብቀኝ።