ዶርመሩ ከዋናው ጣሪያ ጋር አልገጥም አለኝ፦ በሬቪት የሚሠራ የታጠፈ ጣሪያ

ጥያቄ፣ ከደሴ

ሰላም ለሁላችሁም ይሁን። ደሴ ውስጥ ለአንድ ቤተሰብ የሚሠራ መኖሪያ ቤት ንድፍ በማዘጋጀት ላይ ነኝ። ቤቱ በኤል ቅርጽ የታጠፈ ሲሆን ሁለቱም ክንፎች ከአሸንዳ እስከ አሸንዳ 9 ሜትር ስፋት አላቸው። ጣሪያው በሁሉም ወገን ውሃ የሚያፈስ፣ ተዳፋቱ 22 ዲግሪ የሆነ የቆርቆሮ ክዳን ነው። ባለቤቶቹ በጣሪያው ሥር ለልጆቻቸው የጥናት ክፍል እንዲኖር ስለፈለጉ፣ ሁለት ዶርመሮችን፣ ማለትም ከተዳፋቱ ወጣ ብለው የየራሳቸው ግድግዳ፣ መስኮትና ትንሽ ጣሪያ ያላቸውን የብርሃን መግቢያዎች፣ ለማስገባት አስቤያለሁ።

የዶርመሩን የፊት ግድግዳ ከአሸንዳው 1 ሜትር ወደ ውስጥ አስገብቼ፣ ኮልሞውን፣ ማለትም የጣሪያውን ከፍተኛ አግድም መስመር፣ በዚያ ቦታ ካለው የዋናው ጣሪያ ገጽ 2.2 ሜትር ከፍ አድርጌ ሠራሁት። ነገር ግን ሬቪት በሚባለው የሕንፃ ንድፍ ሶፍትዌር ውስጥ ጆይን ሩፍ በሚባለው መሣሪያ ሁለቱን ጣሪያዎች ለማገናኘት ስሞክር፣ የዶርመሩ ጣሪያ ከዋናው ጋር ከመገጣጠም ይልቅ ከላዩ አልፎ በሌላው ወገን በአየር ላይ ይቀራል። ሁለተኛው ዶርመር ደግሞ ሁለቱ ክንፎች ከሚገናኙበት የውስጥ ማዕዘን አጠገብ ስለሆነ ጭራሹን አይገናኝም። አስፈላጊ ከሆነ መስመሮቹን በእጄ ስዬ ሥዕሉን ማስመሰል እችላለሁ፤ ይሁን እንጂ አናጢዎቹ የሚሠሩት በዚህ ወረቀት ስለሆነ ያልገጠመውን የገጠመ አስመስዬ መስጠት አልፈልግም። ስህተቴ የት ላይ ነው?

መልስ፣ ከደሴ

አብሽሪ እህቴ፣ ሶፍትዌሩ አልተበላሸም። የነገረሽም እውነቱን ነው፤ ይህን ዶርመር በዚህ ጣሪያ ላይ መሥራት በእንጨትና በቆርቆሮም ቢሆን አይቻልም።

ስሌቱን አብረን እንመልከተው። የአንድ ክንፍ ግማሽ ስፋት 4.5 ሜትር ነው። የ22 ዲግሪ ታንጀንት 0.404 ስለሆነ፣ የዋናው ጣሪያ ኮልሞ ከአሸንዳው መስመር በላይ ያለው ከፍታ 1.82 ሜትር ብቻ ነው። አንቺ የፊት ግድግዳውን ባቆምሽበት ቦታ ዋናው ጣሪያ 0.40 ሜትር ያህል ወጥቷል፤ በዚያ ላይ 2.2 ሜትር ሲጨመር የዶርመሩ ኮልሞ 2.6 ሜትር ላይ ይደርሳል ማለት ነው። ከዋናው ኮልሞ ወደ 80 ሴንቲ ሜትር በልጦ የሚሄድ አግድም ኮልሞ የሚያርፍበት ገጽ ከየት ያገኛል? ርዝመቱንም ብታሰይው ያው ነው፦ 2.2 ለ0.404 ሲካፈል 5.45 ሜትር ይሆናል፤ ከፊት ግድግዳው እስከ ዋናው ኮልሞ ያለሽ ግን 3.5 ሜትር ብቻ ነው።

ስለዚህ ሁለት መንገድ አለሽ። አንደኛው ተዳፋቱን ሳይነኩ ዶርመሩን ማሳነስ ነው። ኮልሞው ከጣሪያው ገጽ 1.25 ሜትር ብቻ ከፍ ቢል 3.09 ሜትር ገብቶ ከዋናው ኮልሞ በታች ያርፋል፤ ስፋቱን 1.8 ሜትር፣ የራሱንም ተዳፋት 22 ዲግሪ ካደረግሽው የጎን ግድግዳው ፊት ለፊት ላይ 0.89 ሜትር ያህል ይሆናል፤ የሚወጣለትም አነስተኛ መስኮት ነው። ሁለተኛው የዋናውን ጣሪያ ተዳፋት ወደ 35 ዲግሪ ማሳደግ ነው። በዚህ ጊዜ ዋናው ኮልሞ 3.15 ሜትር ከፍታ ስለሚኖረው፣ አንቺ የፈለግሽው ባለ 2.2 ሜትር ዶርመር ምንም ሳይቀነስ 3.14 ሜትር ገብቶ ያርፋል። ምርጫው የኔ ቢሆን ኖሮ ሁለተኛውን እወስድ ነበር። የክፍሉ ወለል በአሸንዳው ልክ ከሆነ፣ በ22 ዲግሪው ጣሪያ ሥር ከፍተኛው ቦታ 1.82 ሜትር ነው፤ የጣሪያው እንጨትና ኮርኒሱ ሲቀነሱለት ደግሞ ረጅም ሰው ቀና ብሎ የማይቆምበት ክፍል ይሆናል።

ልኩ ከተስተካከለ በኋላ በሬቪት የምከተለው ቅደም ተከተል ይህ ነው። በመጀመሪያ ዋናውን ጣሪያ እጨርሳለሁ፤ ቀጥዬ የዶርመሩን ሦስት ግድግዳዎችና የራሱን ጣሪያ እሠራለሁ። ከዚያ በጆይን ሩፍ የዶርመሩን ጣሪያ የኋላ ጠርዝ፣ ቀጥሎም የሚያርፍበትን የዋናውን ጣሪያ ገጽ እመርጣለሁ። የግድግዳዎቹን አናት ከዶርመሩ ጣሪያ፣ ግርጌያቸውን ደግሞ ከዋናው ጣሪያ ጋር አታች በሚለው ትዕዛዝ አያይዛለሁ። በመጨረሻ ዶርመር ኦፕኒንግ በሚባለው መሣሪያ ዋናውን ጣሪያ፣ ከዚያም የቀዳዳውን ወሰን የሚሠሩትን የዶርመሩን ጣሪያና የግድግዳዎቹን ገጽ እመርጣለሁ። እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል፦ የግድግዳውን የውስጥ ገጽ ብትመርጪ ዋናው ጣሪያ ከግድግዳው ሥር ይቀርና ግድግዳው በላዩ ያርፋል፤ የውጩን ገጽ ብትመርጪ ግን ግድግዳው ባዶ ቀዳዳ ላይ ይቀራል። ገጾቹን ለማየትና ለመምረጥ ዋየርፍሬም በሚባለው፣ ጠርዞችን በመስመር ብቻ በሚያሳየው እይታ መሥራትና የታብ ቁልፍን መጠቀም ይጠቅማል።

የውስጥ ማዕዘኑን ዶርመር በተመለከተ፣ ጆይን ሩፍ አስተማማኝ የሚሆነው የዶርመሩ ጣሪያ በአንድ ገጽ ላይ ብቻ ሲያርፍ ነው። አንቺ ያስቀመጥሽው ሁለት ተዳፋቶች የሚገናኙበት የውሃ መውረጃ ላይ ስለሆነ ከፊሉ በአንዱ፣ ከፊሉ በሌላው ገጽ ላይ ያርፋል። አንዱ ተዳፋት ላይ ብቻ እስኪያርፍ ድረስ ከማዕዘኑ አርቂው።

መልስ፣ ከኮምቦልቻ

ልጄ፣ እኔ ሶፍትዌሩን አላውቅም፤ ብዙ ዘመኔን ያሳለፍኩት ጣሪያ ላይ ነው፤ ስለ ውስጥ ማዕዘኑ የተነሣው ነገር ግን ዝም አላሰኘኝም። ዶርመሩ ከማዕዘኑ መራቅ ያለበት ኮምፒውተሩ እንቢ ስላለ ብቻ አይደለም። በኤል ቅርጽ ቤት ላይ ከሁለቱ ክንፎች ወደ ውስጥ ማዕዘኑ የሚወርደው ውሃ በዚያ መስመር ላይ ይሰበሰባል። የደሴን የሐምሌና የነሐሴ ዝናብ ታውቂዋለሽ፤ በረዶም ይቀላቀልበታል። እዚያ መካከል ዶርመር ማቆም ማለት የሚወርደውን ጎርፍ በግድግዳ መገደብ ነው። በረዶው ከግድግዳው ጀርባ ይከመራል፤ ሲቀልጥም ውሃው በቆርቆሮው መደራረቢያ በኩል ወደ ላይ ተገፍቶ ኮርኒሱን ያበሰብሳል። አንድ ቤት ላይ ይህንኑ አይቼ፣ ክዳኑ ተነሥቶ እንደገና እስኪሠራ ድረስ ባለቤቶቹ ክረምቱን ሙሉ ከኮርኒሱ ሥር ባልዲ ሲደረድሩ ከርመዋል።

ዶርመሩ ራሱም በሁለት ጎኑ ሁለት አዳዲስ የውሃ መውረጃዎችን ይፈጥራል። በሥዕሉ ላይ አንድ ቀጭን መስመር ሆነው ስለሚታዩ ሰው ይንቃቸዋል፤ ለእኛ ግን ዋናው ሥራ እነሱ ናቸው። በመስመሩ ሥር ወጥ የሆነ ለጥ ያለ ላሜራ ይነጠፋል፤ የሁለቱም ወገን ቆርቆሮ በላዩ ይወጣል። እኔ በእያንዳንዱ ወገን ላሜራው ከቆርቆሮው ሥር ከ20 ሴንቲ ሜትር ያነሰ እንዲገባ አላደርግም፤ በመካከልም ውሃውና በረዶው የሚወርዱበት ክፍት ቦታ እተዋለሁ። የጎን ግድግዳው ከዋናው ጣሪያ ጋር በሚገናኝበትም ላሜራው ግድግዳውን ይዞ ሽቅብ መታጠፍ አለበት፤ በሲሊኮን ብቻ የተዘጋ ብዙም አይቆይም።

ተዳፋቱን ወደ 35 ዲግሪ ማሳደጉን እኔም እደግፈዋለሁ፤ ውሃም ሆነ በረዶ ቶሎ ይወርዳል። ሆኖም ለባለቤቶቹ ወጪውን ቀድመሽ ንገሪያቸው። ተዳፋቱ ሲጨምር ቆርቆሮውም ሞራሌውም ይጨምራል፤ ነፋሱም የበለጠ ያገኘዋልና ትራሱ፣ ማለትም ጣሪያውን የሚሸከመው የእንጨት ማዕቀፍ፣ ከግድግዳው ጋር በደንብ መታሰር ይኖርበታል።

መልስ፣ ከወልድያ

እኔ የምሠራው አርኪካድ በሚባለው ሌላ የሕንፃ ንድፍ ሶፍትዌር ነው፤ ችግሩ ግን ያው ነው። በአርኪካድ ዶርመሩን እንደ ራሱ ጣሪያ ሠርቼ ትሪም በሚለው ትዕዛዝ ከዋናው ጋር እቆርጠዋለሁ፤ ለቀዳዳው ደግሞ ዋናውን ጣሪያ መርጬ በውስጡ ክፍት ቅርጽ እሥላለሁ። የቀዳዳው ጠርዝ በቁም ይቆረጥ ወይስ ለተዳፋቱ በ90 ዲግሪ የሚለውን ለየጠርዙ መወሰን ስለሚቻል፣ ከመስኮቱ በታች ያለውን ጠርዝ በቁም አደርገዋለሁ። ለሬቪት ተጠቃሚዎችም የሚሠራ አንድ ምክር ልጨምር፦ ሦስት አቅጣጫ ያለውን ሞዴል ብቻ አትመኑ፤ በዶርመሩ መሃል የሚያልፍ አንድ ቁርጥ፣ ማለትም ቤቱ በቁም ተቆርጦ ውስጡ የሚታይበት ሥዕል፣ ሌላም እሱን በ90 ዲግሪ የሚያቋርጥ ቁርጥ አውጡ። በሞዴሉ የገጠመ የመሰለ ጣሪያ በቁርጡ ላይ ክፍተቱ ሲወጣበት አይቻለሁ።

ጠያቂዋ፣ ከደሴ

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ዛሬ ጠዋት ተዳፋቱን ወደ 35 ዲግሪ ቀይሬ የመጀመሪያውን ዶርመር እንደገና ሠራሁት፤ ጆይን ሩፍ በአንድ ጊዜ ተቀበለው። ቁርጡን ሳወጣ ደግሞ የቀዳዳውን ወሰን በግድግዳው የውጭ ገጽ መርጬ እንደነበር አየሁና አስተካከልኩት። ወጪውንም አስልቻለሁ፦ ከአሸንዳ እስከ ኮልሞ የሚያስፈልገው የቆርቆሮ ርዝመት ከ4.85 ወደ 5.49 ሜትር ከፍ ስለሚል፣ ክዳኑ ወደ 13 በመቶ ይጨምራል። ለባለቤቶቹ ይህንኑ ከክፍሉ ከፍታ ጋር አያይዤ አቅርቤላቸው ተስማምተዋል። ሁለተኛውን ዶርመር ከውስጥ ማዕዘኑ አንሥቼ ከመጀመሪያው ጎን፣ በዚያው ተዳፋት ላይ አድርጌዋለሁ። ጋሼ፣ በሁለቱ ዶርመሮች መካከል ምን ያህል ክፍተት ልተው?

መልስ፣ ከኮምቦልቻ

ከሁለቱም የሚወርደው ውሃ በመካከላቸው ይገናኛልና አታጣብቂያቸው። ከጠርዝ እስከ ጠርዝ አንድ ሙሉ ቆርቆሮ ሳይቆረጥ ከኮልሞ እስከ አሸንዳ የሚወርድበት ቦታ ተዪ፤ ለጥገና የሚወጣ ሰውም እግሩን የሚያሳርፍበት ያገኛል። የላሜራውን መገጣጠሚያ ደግሞ ለብቻው አጉልተሽ በአንድ ወረቀት ላይ ሣዪው፤ አናጢው ሥራው ላይ ይዞት የሚወጣው ያንን ወረቀት ነው።